የአባዬ ባሌስትራ

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ጅማ ነበርኩ። እናቴን ካጣሁ ቆይቻለሁ፤ እዚያ የቀሩኝ አባቴ፣ እህቴና አንድ ልጇ ናቸው። አባዬ 78 ዓመት ሞልቶታል። ጆሮው ደከም ብሏል፤ ዐርባ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ብረት ሲቀጠቀጥ የኖረ ጆሮ ቢደክም ምን ይገርማል? እጆቹ ግን ያው ናቸው። ሲጨብጣችሁ ጣታችሁ ተመልሶ መምጣቱን ትጠራጠራላችሁ።

ግቢ ስገባ አያትና የልጅ ልጅ በረንዳው ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። አያትየው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ ልጁ ሲሚንቶው ላይ በሆዱ ተኝቷል። መሀላቸው ከክንድ የማትበልጥ የጭነት መኪና ጎማዎቿን ወደ ሰማይ ሰቅላ በጀርባዋ ተገልብጣለች። ሰላምታዬን ከምር የተቀበለኝ የለም።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» ብል፣

«ቅጠል እያወጣን ነው» አለኝ ልጁ ቀና እንኳ ሳይል።

እንግዲህ ይህን አነጋገር ከባሌስትራ ሠሪ ቤት ውጭ ያደገ ሰው ላይረዳው ይችላል። ባሌስትራ የሚባለው ከጭነት መኪና ሆድ ሥር፣ በሻንሲውና በጎማዎቹ አክሰል መካከል ተወጥሮ የምታዩት ጎበጥ ያለ የብረት ድርድር ነው። ረጅሙ ብረት ከላይ ይሆናል፣ ከሥሩ አጠር ያለው፣ ከዚያም ሥር ይበልጥ ያጠረው፤ ሁሉም መሀል ላይ በአንድ ብሎን ይታሰራሉ። እያንዳንዱን ብረት በእኛ ቤት «ቅጠል» እንለዋለን። ጭነት ሲበዛ ባሌስትራው ይቀመጣል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ይዘረጋል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ቅጠል ሲጨምር የኖረ ሰው ነው። ቅጠል ሲቀንስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መኪናዋን የላከችለት ዱባይ የምትሠራ አክስቱ ናት። ቻይና ሠራሽ ናት፣ ከእውነተኛው መኪና 16 ጊዜ ታንሳለች፣ በሪሞት ትነዳለች። አትሮጥም። ሩጫ የሚፈልግ ልጅ ሌላ ዓይነት ይግዛ፤ የእሷ ሙያ እንደ ኤሊ እየተንፏቀቁ ድንጋይ መውጣት ነው። ፈረንጆቹ ይህን ነገር ከጨዋታ አልፈው ይወዳደሩበታል። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 «ክሎድ ባስተር» የምትባል ባለ ትልልቅ ጎማ መኪና አወጣ፤ ባለቤቶቿ እየፈቱ፣ እየቆረጡ፣ እያስረዘሙ ድንጋይ የምትወጣ አደረጓት። በኋላ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ለዚሁ ብለው መሥራት ያዙ። የጨዋታው ሙያ ከመንዳቱ ይልቅ መፍታቱ ላይ ነው። የእህቴም ልጅ ገና መኪናዋ ከሳጥን በወጣች በማግስቱ ካቻቪቴ ይዞ ተቀመጠባት። እናቱ ልትገርፈው ምንም አልቀራት። «ደኅና ዕቃ መፍታት ምን የሚሉት በሽታ ነው?» ትላለች። ከማን እንደወረሰው ግን ታውቃለች።

ለምን ትፈታለች? አስረኛ ክፍል ነውና ፊዚክሱን ለቀቀብኝ። መኪና በርዝመት፣ በወርድና በቁመት 16 ጊዜ ሲያንስ ክብደቱ 16 ጊዜ አይደለም የሚያንሰው፤ 16 በ16፣ እንደገና በ16 ተባዝቶ 4 ሺህ 96 ጊዜ ነው። አራት ቶን የነበረ መኪና አንድ ኪሎ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የባሌስትራዋ ብረት ግን በዚያ ልክ አይልምም። ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣችው መጫወቻ ለአካሏ የማይመጥን ድርቅ ያለ ባሌስትራ ላይ ትቀመጣለች። አንዱን የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ ስታወጡባት አካሏ ሁሉ አብሮ ይጋደላል፤ ሌላው ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለ ጎማ ደግሞ ቢሽከረከር ባይሽከረከር ያው ነው።

አባዬ እዚህ ላይ ጣልቃ ገባ። የተቀመጠበትን በርጩማ ከሥሩ አውጥቶ ግቢው ውስጥ ወጣ ገባ የሆነ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ጅማን የሚያውቅ ይህን በርጩማ ያውቀዋል፤ ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው፣ ሦስት እግር አለው፣ መጋጠሚያ የለውም።

«አየኸው?» አለው ልጁን። «ሦስት እግር ያለው ነገር የትም ብታኖረው አይንገዳገድም። ባለ አራቱን ግን አንዱ እግር ሁልጊዜ ይዋሽበታል።»

አራተኛው እግር እንዳይዋሽ ታዲያ ከሁለት አንዱ ይደረጋል። ወይ መሬቱን ታስተካክላላችሁ፣ ወይ እግሩን ታላልታላችሁ። መንገድ መሥራት የመጀመሪያው ነው፤ ባሌስትራ ሁለተኛው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የአያትና የልጅ ልጅ ሥራ ብተርክላችሁ ቀኑ ይመሻል፤ ግን ጥቂቱን ካልነገርኳችሁ ደግሞ አይሆንልኝም። ከኋላ ሁለት ሁለት ቅጠል አወጡ። በቀሩት ቅጠሎች መካከል ልጁ የእርሳስ ዱቄት ነሰነሰ፤ የተፋቀ የመጻፊያ እርሳስ ማለቴ ነው። ቅጠሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ መንሸራተት አለባቸው፣ ከተጣበቁ እንደ አንድ ወፍራም ብረት ይሆናሉ። አባዬ ይህን ሲያይ ሳቀ። እሱ ግራሶ ይቀባ ነበር፤ ዝገት የያዘው ባሌስትራ ሦስት ቅጠል ይሁን አምስት ልዩነቱ አይታወቅም። ባትሪዋን ከመሀል አንስተው ወደ ፊት ወሰዱት፣ ምክንያቱም ዳገት ስትወጣ ክብደቷ ሁሉ ወደኋላ ይሸሽና ፊቷ ይነሳል። ከጎሚስታ ቤት የተለመነ የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ በፊት ጎማዎቿ ቸርኬ ውስጥ ለጠፉ። «ለምን ከላይ ካቢናው ላይ አታደርገውም?» ብዬ ጠየቅሁ፤ የጋዜጠኛ ጥያቄ ነበር። ከላይ ከሆነ ትገለበጣለች፣ ደግሞም ባሌስትራው ይሸከመዋል፤ ቸርኬ ውስጥ ሲሆን ግን ክብደቱ መሬቱ ላይ እንጂ ባሌስትራው ላይ አያርፍም። ሁለቱም እኩል መለሱልኝ፤ አንዱ በጅማ ጋራዥ አማርኛ፣ አንዱ በዩቲዩብ አማርኛ።

በጣም የገረመኝ ሌላ ነበር። ሞተሩ ጉልበት ሲያወጣ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትዘማለች። ልጁ ሁለት ቀን ጎኗን ቢለካ፣ ጎማ ቢቀያይር ምክንያቱ ጠፋው። ሞተር ወደ አክሰሉ የሚሄደውን ዘንግ ሲያጣምም፣ አካሉ ደግሞ በተቃራኒው ይጣመማል፤ አባዬ ይህን በቃል ሳይሆን በእጁ ያውቀዋል። «በምትዘምበት በኩል አንድ ቅጠል ተውላት» አለው። ተወላት። ቀጥ ብላ ወጣች። ልጁ አያቱን ያየበትን ዓይን ብታዩት! ለእኔም በልጅነቴ እንደዚያ ያየሁበት ጊዜ ነበረኝ።

ባሌስትራ የጣልያን ቃል ነው። በጣልያንኛ ቀስት የሚወረውር የጥንት መሣሪያም ባሌስትራ ነው የሚባለው፤ ብረቱ እንደ ደጋን ስለሚጎብጥ ይመስለኛል። ጣልያን 5 ዓመት ቆይቶ ሲሄድ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ የሠራውን መንገድና አንድ ከረጢት ቃል ትቶልን ሄደ። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ሞላ፣ ካቻቪቴ። ጋራዥ ውስጥ ሐበሻ ሆነን የቀረነው ስንሰዳደብ ብቻ ነው። አባዬ ሥራውን የጀመረው በልጅነቱ ከመርካቶ ጀርባ ባለ ጋራዥ ወናፍ እየነፋ ነው። ያኔ የሚመጡት ላንድሮቨርና «ኤን ትሬ» የሚባለው ፊያት ነበሩ። የተሰበረ ቅጠል ይፈታል፣ ከአሮጌ መኪና የወጣ ቅጠል ከሰል ውስጥ ይግላል፣ በመዶሻ ጉብጠቱ ይመለስለታል፣ ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ይነከራል። ሙቀቱን በዓይን ነው የሚለኩት። ትንሽ ቢያልፍ ብረቱ እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ ትንሽ ቢጎድል እንደ ሽቦ ይታጠፋል። ለምንም የማይሆነው ቅጠል ወደ አንጥረኛ ይሄዳል። በቡና ሥር ያለውን አረም የሚመነጥረው ገጀራ፣ መጥረቢያው፣ ብዙው የድሮ ባሌስትራ ነው።

ታዲያ ዓለም ከባሌስትራ ወደ ሞላ መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. በ1970 ሬንጅሮቨርን ሲያወጡ ለገጠር መንገድ መኪና ላልቶ የሚዘረጋ ሞላ ሰጡት፤ ሰው ሁሉ ለሸካራ መንገድ ጠንካራ ባሌስትራ ነው የሚያስፈልገው ሲል እነሱ ተቃራኒውን አሳዩ። የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 እንኳ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊቱ ሞላ፣ ኋላው ባሌስትራ ሆኗል። አባዬ ይህን ሁሉ አይቷል። «የላላ ይወጣል፣ የጠነከረ ይሸከማል» ይል ነበር። ደንበኞቹ ግን የሚመጡት ለመውጣት አልነበረም። ለመሸከም ነበር።

አሁን ወደማልወደው ቦታ እየደረስኩ ነው።

1994 ዓ.ም. ለቡና አገር ክፉ ዓመት ነበር። ቡና አምራቾችና ገዢዎች ኮታ የሚከፋፈሉበት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ዋጋው ሲወጣ ሲወርድ ቆየ፤ በኋላ ቬትናም ገበያውን በቡና ስታጥለቀልቀው ወለሉን ነካ። ኒውዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ ቡና 50 የአሜሪካ ሳንቲም ማውጣት አቃተው፤ ፓውንድ ደግሞ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራ ላለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም። ለለቃሚ የሚከፍለው ከሚሸጥበት በልጦበት ቀዩን ፍሬ ዛፉ ላይ የተወ ገበሬ ነበር።

እሸት ቡና በለቀሙት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካል። ስለዚህ ቀን ይለቀማል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ መኪናው ሌሊት ይነዳል። ጭነቱ ደግሞ ባብዛኛው ውኃ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ወደ ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ትርፍ ሲሳሳ ነጋዴው የሚቆጥረው ምልልሱን ነው። በአራት ጉዞ የሚያልቀውን በሦስት ቢጨርሰው ናፍጣው ተረፈ።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ቡና ሰብሳቢ አይሱዙውን ይዞ አባዬ ዘንድ መጣ። መሽቷል። ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ቅጠል እንዲጨመርለት ፈለገ።

«ሊብሬው 35 ኩንታል ነው የሚለው» አለው አባዬ።

«ሊብሬው ቡና አይገዛልኝም» አለ ሰውየው።

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ባትሪ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ፣ የመሀሉን ብሎን ለመጨረሻ ጊዜ ያጠበቅሁትም እኔ ነኝ። ሰውየው 300 ብር ቆጥሮ ሰጠ። ከዚያ ብር ላይ ለእኔ ጥቁር ጫማ ተገዛልኝ፤ ማሰሪያ ያለው፣ ትምህርት ቤት የማደርገው።

የዚያ አይሱዙ ረዳት የሰፈራችን ልጅ ነበር። ኳስ አብረን እንጫወታለን፤ በረኛ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ያቆመው አባቱ ሲሞት ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ እናቱ በሕይወት አለች፣ ጋዜጣ የሚያነቡላት ልጆችም አሏት።

ቅጠሉ በተጨመረ በዘጠነኛው ቀን፣ ሌሊት፣ ከጌራ ወደ አጋሮ በሚመጣው የጠጠር መንገድ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገለበጠ። በኋላ ሲቆጠር ከ50 ኩንታል በላይ ጭኖ ነበር። ሹፌሩ ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አድርጎ ነበር የሚወርደው፤ ሞተሩ አልያዘለትም፣ ፍሬኑ ብቻውን ቀረ፣ ሞቀ፣ ከዳው። ሹፌሩ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ረዳቱ ከጆንያው ላይ ነበር የተኛው። 15 ዓመቱ ነበር።

የተጻፈው ምክንያት ፍጥነት ነበር። እውነት ነው፣ ፍጥነት ነበር። ፎሌ መሆኑም እውነት ነው። ስለ ባሌስትራው የጠየቀ የለም። ማን ይጠይቃል? ባሌስትራው'ኮ አልተሰበረም! ከአደጋው በኋላ መኪናው ተጎትቶ ሲመጣ ካቢናው ተጨፍልቋል፣ የጭነት ሳጥኑ ተበታትኗል፤ የአባዬ ባሌስትራ ግን እንዳለ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባው ይህን አይቶ «እጅህ ይባረክ» ማለቱን አስታውሳለሁ። አሹፎ አልነበረም።

ለቅሶው ላይ ነጋዴውና አባዬ አንድ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። እናትየዋ ስታለቅስ መጥታ አባዬን «እርስዎ'ኮ እንደ አባት ነበሩለት» አለችው። ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ ድንኳን አልወጣም። እኔ አዲሱን ጫማዬን አላደረግሁም፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ማለቴ ነው። ከዚያ አደረግሁት።

ነገሩን ለማወቅ ያን ያህል ዕውቀት አይጠይቅም። ባሌስትራ ስትጨምሩ ፍሬን አልጨመራችሁም። ጎማ አልጨመራችሁም፣ ሻንሲም አልወፈረም። የመኪናው ጠቅላላ ክብደት በጨመረ ልክ በዚያው ፍጥነት መኪናውን ለማቆም ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀትም ይጨምራል። ከፍ ብሎ የተቆለለ ጆንያ መኪናውን ጠመዝማዛ ላይ ይገፋዋል። ባዶውን ሲመለስ ደግሞ ያ ድርቅ ያለ ባሌስትራ በየጉድጓዱ ያዘልለዋል፤ ጎማው መሬቱን በረገጠ ባልረገጠ ፍሬን ቢያዝ ምን ይሆናል? ከሁሉ የሚብስብኝ ግን ሌላ ነው። ባሌስትራ ሲጎብጥ መኪናዋ «በቃኝ» ማለቷ ነው። ሌላ የመናገሪያ መንገድ የላትም። ቅጠል ሲጨመርባት ጭነቱ አልቀለለላትም፤ አፏ ነው የተዘጋው።

አባዬ ከዚያ በኋላ ሥራውን አቁሟል ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። አላቆመም። እኔንና እህቴን ያስተማረን በዚያው ሥራ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ፤ ቅጠል ጨምርልኝ ለሚለው ሁሉ መጀመሪያ «ፍሬኑስ?» ብሎ ይጠይቅ ጀመር። ሰውየው «ደኅና ነው» ይላል። አባዬ ዝም ብሎ ያየዋል። ከዚያ ይጨምርለታል።

እኔስ? እኔ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ሲለው ታስታውሳላችሁ። ስሙ ለአምደኛ የተሰጠ ሲሳይ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩበት። ሹፌሩን ወቀስኩ፣ ጫቱን ወቀስኩ፣ እንቅልፉን ወቀስኩ፣ መንገዱን ወቀስኩ፤ አንባቢም «አንጀታችንን አራስከው» ብሎ ደብዳቤ ላከልኝ። ጽሑፎቹን ሰሞኑን አውጥቼ አየኋቸው። የሚያሳፍር ሐሰት የለባቸውም። ባሌስትራ የሚል ቃል ግን አንድ ቦታ እንኳ የለም። ከባሌስትራ ሠሪ ቤት የወጣሁ እኔ ነኝ እንግዲህ፤ ከአገሪቱ አምደኞች መካከል ስለዚያ ብረት ሊጽፍ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር።

ያን ዕለት ማታ ልጁ ሲተኛ አባዬን ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ያን የጌራውን አይሱዙ ታስታውሰዋለህ?»

መልስ የለም። ጆሮው ደክሟል ብያችኋለሁ። ደግሜ ልጠይቅ አልደፈርኩም። እህቴ ቡና አቀረበች፤ አቦሉን ጠጣን፣ ስለ እርሷ መሥሪያ ቤት ተጨዋወትን፣ ስለ ቤት ኪራይ ተጨዋወትን። በረካው ላይ፣ ጨዋታው ሌላ ቦታ ሄዶ ሳለ፣ አባዬ ሲኒውን አስቀመጠና፣

«አራት ቅጠል ነበር» አለ።

ሌላ ምንም አልጨመረም። እህቴ ምን እንዳለ አልገባትም፤ ለመኪናዋ የሚያወራ መስሏት «ልጁን አበላሸኸው'ኮ አባዬ» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ሦስታችን ወደ አዌቱ ወንዝ ወረድን። አባዬ በምርኩዝ፣ ልጁ በሩጫ፣ እኔ በአዲስ አበባ ጫማ። በጥር አዌቱ ያንሳል፤ ድንጋዮቹ ወጥተው ይታያሉ። ልጁ መኪናዋን አንድ የአህያ ጭንቅላት የሚያክል ድንጋይ ሥር አስቀመጣት። ትላንት በረንዳው ላይ አንድ ጎማዋን እያንጠለጠለች ታስቸግር የነበረችው መኪና አሁን እንደ ድመት መዳፏን አስቀደመች። አንዱ ጎማ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ ሆዷ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። አራቱም እግሮቿ ድንጋዩን ጨብጠዋል። ጫፉ ላይ ወጥታ ቆመች።

አባዬ ምርኩዙን ተደግፎ ጎንበስ አለ።

«ፍሬኑስ?» አለ።

«ፍሬን የላትም፣ አባባ።»

«የላትም?»

«ሞተሩ ራሱ ይይዛታል። እጄን ሳነሳ ትቆማለች።»

«ቁልቁለት ላይም?»

«ቁልቁለት ላይም።»

«አሳየኝ።»

ልጁ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ማውረድ ጀመረ፤ መሀል ላይ እጁን አነሳ። እዚያው ተጣብቃ ቀረች። አባዬ «ድገመው» አለው። ደገመው። ሦስት ጊዜ አስደገመው። እኔ ዞር ብዬ ወንዙን ሳይ ቆየሁ።

ከዚያ አባዬ ከወንዙ ዳር አንድ ጠጠር አነሳና ከኋላዋ ጭነት ማድረጊያ ላይ አኖረባት። ወጣች። ሌላ ጨመረ፤ እያቃሰተችም ቢሆን ወጣች። ሦስተኛው ትልቅ ነበር። ባሌስትራዎቿ ተለጥጠው ተቀመጡ፣ ጎማዎቿ ከሳጥኗ ጋር ተነካኩ፣ ሆዷ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ጎማዎቹ ቢዞሩም አልሄደችም።

«አልቻለችም» አለ ልጁ ከፋ ብሎት። ከኪሱ በወረቀት የጠቀለላቸውን ትንንሽ ቅጠሎች አወጣ። «አንድ አንድ ልመልስላት እንዴ አባባ?»

«ተው» አለው አባዬ። «ድንጋዩን አውርድላት።»

ልጁ ትልቁን ጠጠር አንስቶ ወንዙ ውስጥ ወረወረው። መኪናዋ ብድግ አለች።